ማን እያባረረህ ነው?

ጃን ሜዳ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። አዲስ የሩጫ ጫማ አድርጌያለሁ፣ ስልኬ ክንዴ ላይ ታስሯል፣ ጆሮዬ ውስጥ ሙዚቃ አለ። ከስፖርት መምህር ፊሽካ ውጪ፣ በራሴ ፈቃድ ስሮጥ የመጀመሪያዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ኮድ መጻፍ ወገቤን ስለጨረሰው ሐኪሙ «ተንቀሳቀስ» ብሎኛል። ተነሳሁና ተፈተለክሁ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላኝ ጎኔን ወጋኝ፣ አፌ ደም ደም አለኝ፣ ጉልበቴን ይዤ ጎንበስ አልሁ። እንደዚያው እንዳለሁ አንድ የደበዘዘ አረንጓዴ ቱታ የለበሱ ሽማግሌ በሶምሶማ አጠገቤ ደረሱ። ሳይቆሙ፣ ትንፋሻቸውም ሳይቆራረጥ፣ «አንተ ልጅ፣ ማን እያባረረህ ነው?» ብለውኝ አለፉ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ። እውነትም ማን ነው ያባረረኝ? ሩጫ ማለት ያለ የሌለ አቅምን አውጥቶ መሮጥ ነው ብሎ ያስተማረኝስ ማን ነው? አንድ ማታ ልፈልግ ብዬ የጀመርሁት ንባብ ወራት ወሰደ። ለጀማሪ ሯጭ የሚሰጠው ምክር ቢጨመቅ ቢጨመቅ የሚወጣው «ቀስ ብለህ ጀምር» የሚል ነው። ለመናገር ቀላል ናት። ግን የዓለም ምርጥ ሯጮች ይህችን ለመማር ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ አንዳንዶቹም ተዘርረው ነው የተማሩት። (ከዚህ በታች ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ ራሳችን አቆጣጠር እመለሳለሁ፣ ምክንያት አለኝ።)

ነገሩ የሚጀምረው አቴንስ ላይ ነው፣ 1896። የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ማራቶን፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የ1,500 ሜትር ውድድር ተካሂዶ አውስትራሊያዊው ኤድዊን ፍላክ አንደኛ፣ አሜሪካዊው አርተር ብሌክ ሁለተኛ፣ ፈረንሳዊው አልቢን ሌርሙዚዮ ሦስተኛ ወጥተዋል። ሦስቱም ማራቶኑን ገቡበት። ፈጣኖች ናቸዋ! ፈጣን ሰው ረጅምም አጭርም ያው ነው ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። ሌርሙዚዮ ከመነሻው ተስፈንጥሮ ወጣ፣ ብሌክና ፍላክ ከኋላው። ብሌክ 23ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ሌርሙዚዮ እስከ 32 ድረስ ተጎተተና እሱም ወጣ። መሪነቱን የተረከበው ፍላክ 37ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወደቀ። ያሸነፈው ስፒሪዶን ሉዊስ የሚባል፣ ውሃ ወደ አቴንስ የሚያመላልስ የማሩሲ ሰፈር ልጅ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ከኋላ ነበር፤ 2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ላይ ገባ።

ይሄን ሳነብ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ጃን ሜዳ ላይ የሠራሁትን ስህተት የኦሎምፒክ ሻምፒዮናም ሠርቶታል ማለት ነው። የእኔ ሦስት ደቂቃ ላይ ታየ፣ የእሱ 37 ኪሎ ሜትር ላይ፤ ልዩነታችን ይሄ ብቻ ነው።

ስህተቱ አንድ ጊዜ ታይቶ ቢቀር ጥሩ ነበር። በ1904 ሴንት ሉዊስ ላይ በሙቀትና በአቧራ 32 ጀምረው 14 ብቻ ጨረሱ፣ አሸናፊውም መንገድ ላይ ከእንቁላል ነጭ ጋር መርዝ እየተሰጠው ነበር የገባው። ግን ያ ይበልጥ ስለ ውሃ የሚነገር ታሪክ ስለሆነ አልፈዋለሁ። ለእኛ ነገር የሚሻለው ለንደን ነው፣ 1908። ዛሬ የምናውቀው 42.195 ኪሎ ሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሮጠበት። መነሻው ዊንድዘር ቤተ መንግሥት፣ መንገዱ መጀመሪያ ላይ ቁልቁል ነው፣ ሕዝቡም እየጮኸ ነው። የአገሬው ልጆች ተበረታቱ። ቶም ጃክ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን ማይል በ5 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ አለፈው።

ቁጥር ካየሁ ማስላት ልማዴ ነው። በዚያ ፍጥነት ቢቀጥል ኖሮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ተኩል ይጨርስ ነበር። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ያስመዘገበው እንኳን ከዚህ ይዘገያል! ያንን ሰዓት የሰው ልጅ የሮጠው በ1967 ነው። ጃክ ግን ገና በ1908 ሊሮጠው ተነሳ፤ በእርግጥ ለጥቂት ማይል ብቻ፤ ከዚያ አቋረጠ። ከፊት የነበሩት እንግሊዛውያን ተራ በተራ ወደ ኋላ ቀሩ። ደቡብ አፍሪካዊው ቻርልስ ሄፈሮን መራ። ጣሊያናዊው ዶራንዶ ፒዬትሪ «ሄፈሮን ደክሟል» ሲባል ሰምቶ ፍጥነቱን ጨመረ፣ ደረሰበት፣ አለፈው። በዚያ ጭማሪ የቀረው ጉልበቱ አለቀ። ስታዲየም ሲገባ በተሳሳተ አቅጣጫ ዞረ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ወደቀ። ዳኞቹ ደግፈው አስገቡት፤ በመደገፉም ተሰረዘ፤ ወርቁ ለአሜሪካዊው ጆኒ ሄይስ ሆነ። ሄይስ በመጀመሪያዎቹ ማይሎች ከመሪዎቹ ርቆ ከኋላ የነበረ ሰው ነው።

ለዚህ በሽታ ሰዓትን እንደ መድኃኒት የተጠቀመው ፊንላንዳዊው ፓቮ ኑርሚ ነው። በ1920ዎቹ እጁ ላይ ሰዓት ይዞ ይሮጥ ነበር፤ ልምምድ ላይ ብቻ ሳይሆን ውድድር ላይም። አጠገቡ ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ግድ የለውም፤ ግድ ያለው እያንዳንዱ ዙር ከቀዳሚው ጋር እኩል መሆኑ ነው። ተመልካቹ እንደ ማሽን ነው እያለ ያማው ነበር። በፓሪስ 1924 አምስት ወርቅ ይዞ ሄደ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ዓይነት ማሽን ብባል አይከፋኝም።

ግን ሰዓትም ቢሆን ባለቤቱን ካላወቀ አያድንም። ለዚህ የእንግሊዙ ጂም ፒተርስ ምስክር ነው። በ1952 የዓለም ፈጣኑ የማራቶን ሰዓት የእሱ ነበር፣ 2:20:42። ሄልሲንኪ ላይ አጠገቡ የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ ቆመ፤ 5,000ና 10,000 ሜትር አሸንፎ፣ ማራቶን ግን በሕይወቱ ሮጦ የማያውቅ። ፒተርስ ፈጥኖ ወጣ፣ ዛቶፔክ ተከተለው። መሀል ላይ ዛቶፔክ ጠጋ ብሎ ፍጥነታችን ልክ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው ይባላል። ፒተርስ ሊያታልለው ፈልጎ «ዝግ ብለናል» አለው። ጀማሪው አመነና ፍጥነት ጨምሮ ሄደ። ያታለለው 32ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፣ የታለለው በ2:23:03 ወርቁን ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፒተርስ ቫንኩቨር ላይ ተከታዩን 17 ደቂቃ ቀድሞ ስታዲየም ገባ፤ በሙቀት ተቃጥሎ ነበርና እየወደቀ እየተነሳ 200 ሜትር ያህል ለመሄድ 11 ደቂቃ ፈጀ። መጨረሻውን መስመር ሳይነካ ተሸክመው አወጡት። ከዚያ ወዲያ አልተወዳደረም። 17 ደቂቃ! በእግሩ እየሄደ ቢገባ እንኳን ማንም አይደርስበትም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን አቆጣጠር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም። ሙቀቱን ለመሸሽ ውድድሩ የተጀመረው ከቀትር በኋላ ዘግይቶ ነው፤ ሲያልቅ ጨልሟል፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበራሉ።

ስለዚህ ሩጫ ስናወራ አበበ ቢቂላ ጫማ አለማድረጉን እናወራለን። እኔም በባዶ እግሩ መሮጡን ሰምቼ ነው ያደግሁት። ሩጫውን እንዴት እንደሮጠው ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነው፤ ያሠለጠነው ትውልደ ፊንላንድ የሆነው ስዊድናዊ ኦኒ ኒስካነን። አንድ ሰው ተጠንቀቅ ተብሏል፤ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም፣ 26 ቁጥር የሚለብስ። ራዲ ግን የለበሰው 185 ነበር። አበበ ከአንድ 185 ቁጥር ለባሽ ጋር ጎን ለጎን እየሮጠ፣ ያ ባለ 26 ከፊት አምልጦኝ ይሆን እያለ ያስብ ነበር። እስቲ ራሳችሁን በዚያ ቦታ አድርጉት። የምትፈራው ሰው አይታይም፤ ከፊት ያለ ይመስልሃል። እኔ ብሆን ተፈትልኬ እፈልገው ነበር። ዶራንዶ በለንደን ያደረገው ይሄንኑ ነው። አበበ ግን ፍጥነቱን አልለወጠም።

የታቀደው ቦታ ነበረ። ውድድሩ ከማለቁ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ፣ ጣሊያን በ1937 ከአገራችን ዘርፋ የተከለችው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። አበበና ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው አይተው እዚያ ጋ ስትደርስ ተነስ ተባብለዋል። አርባ ኪሎ ሜትር ሙሉ ሳይነሳ ጠበቀ። ሐውልቱ ጋ ደረሰ፣ ተነሳ፣ ራዲ አልቻለውም። 2:15:16። የዓለም ፈጣኑን ሰዓት ያሻሻለው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ነው፤ ራዲን የቀደመው በ25 ሰከንድ። ከ42 ኪሎ ሜትር ውስጥ ልዩነቱን የፈጠሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት እንኳን አይሞሉም። ወኔ አልነበረውም እያልሁ አይደለም። ወኔው ሐውልቱ እስኪደርስ ኪሱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር እያልሁ ነው። ሐውልቱ ራሱ አገሩ የገባው በ2005 ነው፤ ትዕግሥት ካላችሁ አይቀር።

ፈጥኖ የሚነሳ ሰው ለምን እንደሚወድቅ በሳይንስ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ የታወቀውም በኒስካነን አገር ነው። በ1966 ዮናስ በርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን የተባሉ ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች አንድ ብስክሌት ላይ ግራና ቀኝ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ እግር ብቻ፣ እስኪዝሉ ፔዳል መቱ። ከዚያ ከሁለቱም እግሮቻቸው በመርፌ የጡንቻ ናሙና አወጡ። የሠራው እግር ውስጥ ግላይኮጅን የሚባለው የተጠራቀመ ስኳር አልቋል፤ ያረፈው እግር ውስጥ እንዳለ ነው። ሥራውን ስወደው! ለሙከራ ሌላ ሰው አልፈለጉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ሁለት የነዳጅ ጋን አለው። አንዱ ስብ ነው፤ ቀጭኑ ሰው እንኳን ለቀናት የሚበቃ አለው፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚቀዳው። ሌላው ግላይኮጅን ነው፤ ቶሎ ይቀዳል፣ ግን ትንሽ ነው፣ ለማራቶን ሯጭ ብዙ ጊዜ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይመናመናል። ቀስ ስትል ከትልቁ ጋን ይበልጥ ትቀዳለህ፤ ስትፈጥን ከትንሹ። የሌርሙዚዮንና የፒተርስን 32ኛ ኪሎ ሜትር አስታውሱ። ጀማሪና አሥር ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ጋኑ አያልቅበትም፤ የእሱ ችግር ሌላ ነው። ከመነሻው ልቡና ሳንባው ከሚያደርሱት ኦክስጅን በላይ ይጠይቃል፣ ትንፋሹ ይቆረጣል፣ እግሩ ይከብዳል፣ ከዚያ በኋላ ቢያዘግም እንኳን ቶሎ አይመለስለትም። የእኔ ሦስት ደቂቃ ይሄ ነው።

በሮም ሩጫ ሦስተኛ የወጣው ባሪ ማጊ የተባለ የኒው ዚላንድ ሰው ነው። አሠልጣኙ አርተር ሊድያርድ ጫማ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ከማራቶኑ ስምንት ቀን በፊት፣ በአንድ ከሰዓት፣ ሁለት ተማሪዎቹ ፒተር ስኔል በ800፣ መሪ ሃልበርግ በ5,000 ሜትር ወርቅ ወስደውለታል። ሊድያርድ ወጣት ሳለ ጤነኛ ነኝ ብሎ ከአንድ የክለቡ ሰው ጋር ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ ሊሞት ደረሰ። ከዚያ ራሱ ላይ ሲሞክር ኖሮ የደረሰበት ነገር፣ የ800 ሜትር ሯጭ እንኳን መጀመሪያ ብዙ ኪሎ ሜትር፣ ትንፋሹ ሳይቆረጥ መሮጥ አለበት የሚል ነው። በሳምንት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ያስሮጣቸው ነበር። ፍጥነቱ በመጨረሻ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኦክላንድ ውስጥ ከነጋዴዎች፣ ከወፍራሞችና ከልብ ሕመምተኞች ጋር ሶምሶማ ጀመረ። በ1962 መጨረሻ ቢል ባወርማን የሚባል የኦሪገን የአትሌቲክስ አሠልጣኝ ሊጎበኘው መጣ፤ በኋላ ናይኪን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው። ከእነዚያ ሶምሶማ ሯጮች ጋር እሑድ ጠዋት ወጣ። ዳገቱ ላይ ሁሉም ጥለውት ሄዱ። አንድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የልብ ድካም ተደጋግሞ ይዟቸው የተረፉ አዛውንት ብቻ አዝነውለት ወደ ኋላ ቀሩና እያወሩ ሸኙት። ባወርማን መልስ መስጠት አልቻለም፤ ትንፋሽ የለውማ! አገሩ ተመልሶ ጎረቤቱን ሁሉ ማስሮጥ ጀመረ፤ በ1967 ከአንድ የልብ ሐኪም ጋር ሆኖ ስለ ሶምሶማ መጽሐፍ አወጣ። ምክሩ ሰዓትም መሣሪያም አይጠይቅም፦ እየሮጥህ ማውራት ካልቻልህ ፈጥነሃል።

ይሄን ሳነብ የጃን ሜዳው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ማውራታቸው እኮ ነው ዋናው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለን ሰዎች ለምን ተቃራኒውን ተማርን? የእኔ ግምት ቴሌቪዥን ነው። የእኔ ዕድሜ ልጅ ሩጫን የሚያውቀው ከመጨረሻው ዙር ነው። ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ 1980 ሲፈተለክ፣ «ማርሽ ቀያሪው» ተባለ፤ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 1992 ሲነሳባት፣ ጋዜጠኛው ድምፁ እስኪዘጋ ሲጮህ። ምስሉ ሲደጋገም የሚታየው 400 ሜትር ነው፤ የ10,000 ሜትር ውድድር ግን 25 ዙር ነው። ደራርቱ ያን ቀን ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ስትወጣ ተከትላ ወጣች፣ ከዚያ ዙር በዙር ከኋላዋ ተለጥፋ ቆየች፤ መሪነቱን ሳትነካ። ያ ክፍል ለቴሌቪዥን አይመችም። ምንም አይታይበትም፤ ሁለት ሴቶች ይሮጣሉ፣ አለቀ። ማርሽ ለመቀየር ማርሽ መቅረት አለበት የሚለው ነገር ድምቀት የለውም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን አድገናል፤ እንቁላሉ በስንት ሰዓት እንደገባ ግን የነገረን የለም።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ 2:03:59 ሲገባ የመጀመሪያው አጋማሽ 62:04፣ ሁለተኛው 61:55 ነበር። ከሁለት ሰዓት ሩጫ ውስጥ የ9 ሰከንድ ልዩነት፣ ያውም ሁለተኛው ፈጥኖ። ትዕግስት አሰፋ በ2023 እዚያው በርሊን 2:11:53 ስትሮጥ 66:20፣ ከዚያ 65:33። ኑርሚ ቢያያቸው ሰዓቱን አውልቆ ይሸልማቸው ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ 1968 ወርቅ ሲወስድ ሰዓቱ 2:20:26 ነው፤ አበበ ከአራት ዓመት በፊት በቶኪዮ ከሮጠው በስምንት ደቂቃ ይዘገያል። ማሞ ደካማ ስለነበረ አይደለም፤ ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው። አየሩ ስስ ነው። አዲስ አበባ ከዚያም ትበልጣለች። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ተቀምጦ በተጻፈ መተግበሪያ «ኪሎ ሜትሩን በስድስት ደቂቃ ሩጥ» ስትባል ጀማሪው ካልደረሰበት ጥፋቱ የመተግበሪያው ነው። የሙያ ባልደረቦቼን ማማት አልወድም፣ ግን ብዙዎቹ ከፍታን አይጠይቁም። ስንት ሰው ይሆን በዚህ ምክንያት «ሩጫ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ጫማውን ለወንድሙ የሰጠው?

እኔ ራሴ ልሰጥ ምንም አልቀረኝም። የመጀመሪያዬን ታላቁ ሩጫ የሮጥሁት ይሄን ሁሉ ከማንበቤ በፊት ነው። በ2001 ሲጀመር አሥር ሺህ ሰው ነበር የተሳተፈው፣ ኃይሌም ራሱ ሮጦ አሸነፈ፤ እኔ ስደርስ ሕዝቡ መስቀል አደባባይን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ተለቀቅን። ጭፈራው፣ ጥሩምባው፣ ያ ሁሉ ቲሸርት! ቶም ጃክን ሆንሁ። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ10። አራተኛው ላይ መሄድ ጀመርሁ፣ ስድስተኛው ላይ መቀመጥ አማረኝ፣ በ1 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ገባሁ።

ቀጥሎ ባለው ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን ጃን ሜዳ ሄድሁ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ ይሄ ለሃያ ደቂቃ ያህል። እርምጃ ቀላቅሎ መሮጥን ለጀማሪ ያስፋፋው አሜሪካዊው ጄፍ ጋሎዌይ ነው፤ ምሩፅ ነሐስ ባገኘበት የሚዩኒክ 1972 የ10,000 ሜትር ውድድር ማጣሪያውን የሮጠ ኦሎምፒያን ነውና መሄድ የሰነፍ ነው የሚለኝ ሰው ከእሱ ጋር ይነጋገር። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ሶምሶማውን በደቂቃ እጨምራለሁ፣ እርምጃውን እቀንሳለሁ። የምለካበት ወሬ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ስለ ትናንቱ ኳስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተኝ እቀንሳለሁ። ብቻዬን ከሆንሁ ለራሴ አወራለሁ፤ ጃን ሜዳ ላይ በጠዋት ለብቻው የሚያወራ ሰው አይገርምም። በአራተኛው ወር ሳልቆም አርባ ደቂቃ ሮጥሁ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም መጨረሻ ላይ፣ ትንሽ ፈጠን እላለሁ።

ሽማግሌውን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። አንድ ቀን ደረስሁባቸውና «ጋሼ፣ ስንት ዓመት ሮጡ?» አልኋቸው። «እኔ መች ሮጥሁ?» አሉኝ።

ሁለተኛው ውድድሬ ላይ ጥሩምባው ሲነፋ ሁሉም ጥሎኝ ሄደ። ያስጨንቃል፣ አልዋሽም። በቀኝ በግራ ልጆች፣ እናቶች፣ ባንዲራ የለበሰ ወፍራም ሰውዬ ሳይቀር ያልፉኛል። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ተኩል አደረግሁት፣ ሁለተኛውንም እንደዚያው። ከአምስተኛው በኋላ ባንዲራ የለበሰውን ሰውዬ አገኘሁት፤ ቆሞ ውሃ ይጠጣል። ስምንተኛው ላይ ፈጠን አልሁ፤ ሰዓቴ መጨረሻ ላይ 1:08 ይላል።

ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ዳር ላይ አንድ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ጎኑን ይዞ ጎንበስ ብሏል። አዲስ ጫማ ነው ያደረገው። «ማን እያባረረህ ነው?» ልለው አፌን ከፈትሁና ተውሁት። «አይዞህ፣ ትንሽ በእርምጃ ሂድ፣ ይለቅሃል» ብዬው አለፍሁ።